በግል ሥራ ገቢ ላይ ታክስ አይዲ ሲሞሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ኡበርና ሊፍት የሚነዳው፣ የራሱን ትራክ የያዘው፣ ቤቷ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታቀርበው፣ ልጆች የምትጠብቀው ወገናችን ብዙ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ከፍተው ታክስ አይዲ፣ ማለትም ኢአይኤን፣ አውጥተዋል። አገር ቤት አንድ ነጋዴ ያለው አንድ ባለ 10 አኃዝ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ነው፤ ለእሱም ለንግዱም ያው ነው። እዚህ ግን ሰውየው ባለ 9 አኃዝ ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) አለው፣ ንግዱ ደግሞ ሌላ ባለ 9 አኃዝ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ሁለቱ ሲምታቱ የሚመጣውን ጣጣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከአይአርኤስ (ከፌዴራል ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ሲደርሰው ነው።

ትልቁ ስህተት «ገቢው የገባው በኤልኤልሲው ቁጥር ስለሆነ የእኔ አይደለም» ብሎ ማሰብ ነው። ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ የሆነ ኤልኤልሲ፣ እንደ ኮርፖሬሽን እንዲቆጠር ካልተጠየቀ በቀር፣ በፌዴራል ገቢ ግብር በኩል ከባለቤቱ ተለይቶ አይታይም። 1099 (ከፋዩ የከፈለዎትን የሚያሳውቅበት ፎርም) የመጣልዎት በኢአይኤን ቢሆንም ገቢው የሚሞላው ከፎርም 1040፣ ማለትም ከግለሰብ ዓመታዊ የግብር ፎርም፣ ጋር በሚያያዘው ሼድዩል ሲ የተባለ የግል ሥራ ገቢና ወጪ ፎርም ላይ፣ በእርስዎ ስምና ሶሻል ነው። የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱም፣ ማለትም የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው፣ አይቀርም። ወጪ ተቀንሶ የተጣራው ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ ይከፈላል፤ የሚሰላውም በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ 15.3 በመቶ ነው። 30,000 ዶላር ያተረፈ ሰው ወደ 4,239 ዶላር ይደርስበታል፤ የገቢ ግብሩ ከዚህ ውጭ ነው።

ሼድዩል ሲን አውጥተው ራስጌውን ይመልከቱ። ከስምዎ ጎን የሶሻል ቦታ አለ፤ ዝቅ ብሎ «ዲ» የሚል ፊደል ያለበት የኢአይኤን ሣጥን ይገኛል። እዚያ ሣጥን ውስጥ ሶሻሉን የሚደግም አለ። 1099 ላይ ያየውን የከፋዩን ድርጅት ቁጥር ገልብጦ የሚጽፍም አለ፤ ያ ቁጥር የእርስዎ ስላልሆነ እዚያ ምንም ሥራ የለውም። ታክስ የሚሠሩ ሰዎች ጭምር የሚስቱት ግን ሌላ ነው። የአይአርኤስ መመሪያ በሣጥን «ዲ» የሚጻፈው ለእርስዎ በስምዎ የተሰጠ ኢአይኤን ብቻ እንደሆነ ይናገራል። በኤልኤልሲው ስም የወጣው ቁጥር እዚያ አይገባም። በስምዎ የወጣ ከሌለ ሣጥኑን ባዶ መተው ነው፤ ባዶ መሆኑ ጥፋት አይደለም።

ለከፋይ ስምና የታክስ ቁጥር በሚሰጥበት ፎርም፣ በደብልዩ-9 ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አዲስ ደንበኛ ፎርሙን ሲልክልዎት በመጀመሪያው መስመር የራስዎን ስም፣ በሁለተኛው የኤልኤልሲውን ስም ይጽፋሉ፤ ቁጥሩ ግን የእርስዎ ይሆናል። ስምና ቁጥር ካልገጠሙ ከፋዩ ከክፍያዎ ላይ 24 በመቶ ቆርጦ ለአይአርኤስ እንዲያስተላልፍ ሊገደድ ይችላል።

ኢአይኤን ለማውጣት ገንዘብ መክፈልም የከንቱ ወጪ ነው። በአይአርኤስ ድረ ገጽ በነፃ፣ ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ ይገኛል። መንግሥታዊ መስለው የሚያስከፍሉ ገጾች ስላሉ አድራሻው በ«ዶት ገቭ» የሚያልቅ መሆኑን አይተው ይግቡ።

የሩብ ዓመት ክፍያ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ግን ጥሬ ገንዘብን የሚነካ ነውና ጠንቀቅ ይበሉ። ሚያዝያ፣ ሰኔና መስከረም፣ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከዚያም በቀጣዩ ጥር በ15 ቀን የሚከፈለው 1040-ኢኤስ፣ ማለትም በግምት በቅድሚያ የሚከፈለው ግብር፣ በሶሻል ነው የሚከፈለው። በኢአይኤን ከላኩት ገንዘቡ በንግዱ አካውንት ይቀመጣል፤ 1040 ሲገባ ግን «አልከፈሉም» ተብሎ ቅጣትና ወለድ ሊመጣ ይችላል። በአይአርኤስ የኢንተርኔት መክፈያ በዳይሬክት ፔይ ሲከፍሉ የግለሰቡን መርጠው፣ ዓመቱንና የፎርሙን ዓይነት አረጋግጠው፣ ማረጋገጫ ቁጥሩን ያስቀምጡ። ተሳስተው ከላኩ ደግሞ ይኸው ማረጋገጫና የባንክ ወረቀቱ በእጅዎ ሆኖ ወደ አይአርኤስ ደውለው ወደ ሶሻልዎ እንዲዛወር ይጠይቁ።

በጣም የሚቆጨኝ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ሚስት ሌሊት ተነስታ እንጀራ ትጋግራለች፤ ታክሱ ሲሠራ ግን «አብረን ነው የምንሞላው» ተብሎ ሼድዩል ሲና ሼድዩል ኤስኢ (የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ የሚሰላበት ፎርም) በባል ስምና ሶሻል ይገባል። የገቢ ግብሩ ብዙም ለውጥ ላይኖረው ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ግን የሚከተለው ሼድዩል ኤስኢ ላይ ያለውን ሶሻል ነው። በራስ ሥራ የጡረታ ክፍያ ለማግኘት 40 ክሬዲት (ከገቢ የሚቆጠር ነጥብ) ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚያዘው ቢበዛ 4 ነው። በ2025 አንዱ ክሬዲት 1,810 ዶላር፣ አራቱም 7,240 ዶላር ገቢ ይጠይቁ ነበር። የጋገረችው እሷ ከሆነች ሁለቱም ፎርሞች በእሷ ስም ይሞሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ሥራ ካላቸው ለየብቻ።

ያለፈውን ማረም ይቻላል፤ 1040-ኤክስ የተባለው የማረሚያ ፎርም ከተስተካከለው ሼድዩል ኤስኢ ጋር ይላካል። ነገር ግን የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ የሚታረምበት ጊዜ ገደብ አለው፤ ገቢው የተገኘበት ዓመት ካለቀ በኋላ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ነው። ለ2023 ገቢ ይህ ማለት እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2027 ድረስ ነው። የየዓመቱን ገቢ በማን ስም እንደተመዘገበ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ አካውንት ከፍተው ዛሬውኑ ማየት ይችላሉ።