አሥር ሴቶች፣ አንድ ደብተር፦ በሐዋሳ የጡት ካንሰር ታካሚዎች መደጋገፊያ ቡድን እንዴት ይቋቋማል?

የጡት ካንሰር እንዳለባት የተነገራት ሴት በመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂ አታጣም። ቤቱ ይሞላል፣ ሙዝና ብርቱካኑ በየጥጉ ይከመራል። ቀዶ ጥገናው፣ ኬሞውና ጨረሩ ሲደማመር ግን ሕክምናው ወራት አልፎ ዓመት ሊጠጋ ይችላል፤ ታሞክሲፈን የሚባለው ሆርሞንን የሚገታ ኪኒን የታዘዘላት ደግሞ ቢያንስ 5 ዓመት በየቀኑ ትውጣለች። ጠያቂው ሲሳሳ የሚቀሩት ያንኑ ሕክምና የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። እነሱን አሰባስቦ ለማቆየት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ አንድ ደብተር፣ አንድ የቀን መቁጠሪያ፣ ጥቂት ደንብ።

ስንት ሴት፣ ከየት?

ከ8 እስከ 12 ይበቃል። በማንኛውም ሳምንት ከአሥሩ ሦስት አራቱ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። አምስት ብቻ ከሆናችሁ ቡድኑ በአንድ መጥፎ ሳምንት ይፈርሳል፤ ሃያ ከሆናችሁ ደግሞ ተራ ሳይደርሳቸው የሚመለሱ ይኖራሉ። ቢያንስ ሦስቱ ሕክምና የጨረሱ ይሁኑ። ሮጠው የሚደርሱት እነሱ ናቸው፤ ኬሞ ላይ ያለችን ሴት ለሌላ ሕመምተኛ በሌሊት ተነሺ ማለት አይቻልም።

በሐዋሳ አዲስ አባል በብዛት የሚገኘው «ሪፈራል» ከሚባለው ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። ነርሷን የታካሚ ስልክ ስጪን ብላችሁ አትጠይቋት፤ መስጠት የለባትም። የቡድኑ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ተዉላትና ለምትፈልግ ታካሚ ትስጥ። ደዋይዋ ራሷ ታካሚዋ ትሁን። ልጇ ወይም ባሏ ከደወለ እሷ መፈለጓን ከራሷ አፍ ስሙ።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ ሴቶች ሕመሙን ለአከራይ፣ ለጎረቤት፣ አንዳንዴም ለእናታቸው አልነገሩም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው «ሌላ ሰው ስልክሽን ቢያነሳ ማን ነኝ ልበል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሷን ደብተሩ ላይ ጻፉ። «ከዕቁብ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህን ሳያደርጉ «ከካንሰር ታካሚዎች ቡድን ነው» ብሎ የደወለ ሰው አባሏን በአንድ ቀን ያጣታል።

በየስንት ጊዜ? በየሁለት ሳምንቱ

የተለመደው የጡት ካንሰር ኬሞ በየ21 ቀኑ ይሰጣል። ቡድኑም በየሦስት ሳምንቱ ከተገናኘ፣ የስብሰባው ቀን መድኃኒት በወሰደች በሦስተኛው ቀን ላይ የዋለባት ሴት ሁልጊዜ በዚያው ቀን ላይ ይውልባታል፤ ስለዚህ አንድም ቀን አትመጣም። በየ14 ቀኑ ሲሆን ግን ከሦስት ተከታታይ ስብሰባዎች አንዱ በመጥፎዋ፣ አንዱ በመካከለኛዋ፣ አንዱ በደህናዋ ሳምንት ይውላል። በወር አንዴ የሚለውም አያዋጣም፤ አንዱን ካጣች ሁለት ወር ሊሆናት ነው።

ቀኑን ስትመርጡ እሁድን ተዉት፤ ቤተክርስቲያንና እድር አለ። ዓርብ ደግሞ ሙስሊሞቹን ያስቀራል። ከአለታ ወንዶ፣ ከይርጋለም ወይም ከሻሸመኔ እየተመላለሱ የሚታከሙትን ለስብሰባ ብቻ ሌላ ቀን አታስመጧቸው፤ በቀጠሯቸው ቀን አንዷ ሆስፒታል ሄዳ ታግኛቸው።

ቦታውና ቡናው

ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አትሰብሰቡ። ኬሞ የወሰደችበት ሕንፃ ጠረን ብቻውን የሚያስታውካት ሴት አለች። ሐይቅ ዳር ለዓይን ያምራል፣ ግን ሰው ይበዛበታል፣ አመሻሹ ላይም ትንኙ አያስቀምጥም። የሚሻለው መፀዳጃ ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ደረጃ የሌለው፣ ባጃጅ በር ድረስ የሚገባበት ግቢ ነው። ዱካ ሳይሆን መደገፊያ ያለው ወንበር ይዘጋጅ። የአንድ እምነት አዳራሽ በነፃ ቢገኝም የሌላው እምነት ተከታይ ቀስ እያለች መቅረቷ አይቀርም።

ቡና ግን ችግር ነው። ያለ ቡና ምን ስብሰባ አለ የሚል ይኖራል፤ ሆኖም የሚቆላ ቡናና የዕጣን ጭስ ኬሞ ከወሰደች በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ላለች ሴት አይቻልም። ቡናው ውጭ ተቆልቶና ተፈልቶ ይግባ፣ ዕጣኑ ይቅር። ሽቶም አትቀቡ። የዝንጅብል ሻይና ውሃ በቂ ነው።

ደብተሩ

ለእያንዳንዷ ሁለት ገጽ። የመጀመሪያው ላይ የቀጠሮ ቀኖች፣ የመድኃኒቶቹ ስም (ከካርዷ የተገለበጠ እንጂ ከትዝታ አይሁን)፣ ቅርብ ዘመድ፣ ማታ የሚወጣ የባጃጅ ሾፌር ስልክ፣ የጤና መድን መታወቂያዋ የሚታደስበት ቀን ይጻፍ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላት ሴት ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዝ ቀጥታ ሆስፒታል ከሄደች ወጪው ከኪሷ ሊሆን ይችላል፤ መድኑ በየዓመቱ ካልታደሰም እንዲሁ። የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤትና የቀዶ ጥገና ወረቀት ኮፒ ተደርጎ በላስቲክ ማህደር ይቀመጥ፣ በስልክም ፎቶ ይነሳ። ለጨረር አዲስ አበባ የምትላክ ካለች ያለ እነዚህ ወረቀቶች ቀኗ ይባክናል። እዚያ ማደሪያ ለሌላት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ገጽ 21ዱ ቀን ነው፤ ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ከኬሞው በፊት የደም ምርመራ አለ። ነጭ የደም ሴሏ ወይም ፕላትሌቷ (ደም የሚያረጋው ሴል) ካነሰ መድኃኒቱ ለጥቂት ቀን ይገፋል። ይህ ሲሆን ብዙዎች በሽታው የባሰ መስሏቸው እያለቀሱ ይመለሳሉ። አብራ የሄደችው ሴት ደሟ እስኪያገግም መሆኑን እዚያው ትንገራት፣ አዲሱን ቀን ትጻፍ፣ የሁሉንም የመረዳዳት ተራ ታስተካክል። «ቀዩ» የሚባለውን መድኃኒት ለወሰደች ሴት ሽንቷ ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀላ ደም እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ንገሯት።

ከ1ኛው እስከ 5ኛው ቀን ማቅለሽለሽ ነው። የታዘዘው የማስታወክ መከላከያ መድኃኒት በሰዓቱ ይወሰድ፤ ማቅለሽለሹ እስኪመጣ ከተጠበቀ ዋጋው ይቀንሳል። ምግብ ከሌላ ቤት ተሠርቶ ይምጣላት፦ አጥሚት፣ ሩዝ፣ የድንች ወጥ ያለ በርበሬ። የቁሌት ሽታ ቤቷ ውስጥ አይኑር።

ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን መልኳ ደህና ይመስላል፤ የሰውነቷ መከላከያ በጣም የሚወርደው ግን ያኔ ነው። በዚህ ሳምንት ጠያቂ ይቀነስ፣ ጉንፋን የያዘው አይግባ፣ ልቅሶና ሠርግ ይቅርባት። «ለልቅሶ ሳትመጣ ቀረች» የሚለውን ወቀሳ ቡድኑ ይከላከልላት፤ አንዷ በስሟ ትድረስ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት አይቀመስ። አሞራ ገደል ላይ በሚጥሚጣ የሚበላው ጥሬ ዓሣም እንዲሁ ክልክል ነው። የዓሣ ሾርባው ግን በደንብ ከፈላ እሰየው። ፀጉር የሚረግፈው ከመጀመሪያው ኬሞ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ትራስ ላይ እየተነቀለ ከሚያስለቅሳት በ12ኛው ቀን ገደማ ብታሳጥረው ይቀላል፣ ፈቃዷ ከሆነ።

ከ15ኛው እስከ 21ኛው ቀን ጉልበት ይመለሳል። ያኔ ተራው የእሷ ነው፤ ለሌላዋ ምግብ ትሥራ፣ ቀጠሮ ትሸኝ፣ ስልክ ትደውል። ይህን አትዝለሉት። ስትቀበል ብቻ የከረመች ሴት ይሉኝታ ይይዛትና ሳትሰናበት ትጠፋለች። በየሳምንቱ መድኃኒት የምትወስድ ካለች ይህ ሠንጠረዥ አይሠራላትም፤ እጅና እግሯ መደንዘዙንና መገጣጠሚያዋን እየተከታተላችሁ ቀለል ያለ ሥራ፣ ለምሳሌ ስልኩን፣ ስጧት።

ትኩሳት

ቡድኑ በመጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ለእያንዳንዷ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። ኬሞ ላይ ያለች ሴት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሞቃት፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ። እስኪነጋ መጠበቅ የለም፤ አስቀድሞ ፓራሲታሞል ወስዶ ሙቀቱን መደበቅም የለም።

ሐዋሳ ላይ ስህተቱ የሚመጣው ከወባ ነው። ትኩሳት ሲባል ሁሉም ሰው «ወባ ነው» ይልና ከባለፈው የተረፈውን ኪኒን ያወጣል፤ ወይም ሰፈር ክሊኒክ ሄደው ወባው ሲገኝ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ወባ ቢገኝም ባይገኝም ነጭ የደም ሴሏ መታየት አለበት። በሩ ላይ የመጀመሪያው ቃል «ኬሞ ላይ ናት፣ የወሰደችው በዚህ ቀን ነው» የሚል ይሁን፤ አለበለዚያ እንደ ማንኛውም ትኩሳት ወረፋ ትጠብቃለች።

ከቀዶ ጥገና በኋላ

ጀሪካኑን ቅዱላት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁለት ሦስት ኪሎ በላይ በቀዶ ጥገናው በኩል ባለው እጅ አይነሳም። እንጀራዋን በተራ ጋግሩላት፤ ብብቷ ሥር ያለው የሊምፍ ዕጢ ከወጣ ያ እጅ ሊያብጥ ስለሚችል ቃጠሎና ቁስል መጠንቀቅ አለባት፤ ምጣድ ደግሞ ዋነኛው አቃጣይ ነው። መርፌና የደም ግፊት መለኪያ በሌላው እጅ እንዲሆን ራሷ ትናገር። የፈሳሽ መውጫ ቱቦ ካላት የወጣው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተለክቶ ይጻፍ፤ ሐኪሙ ቱቦውን የሚያወጣበትን ቀን የሚወስነው በዚያ ነው።

እጇን ፈርታ አጣብቃ እንዳትቀመጥ ግን ተከታተሏት፤ ትከሻዋ ይደርቃል። መጀመሪያ መዳፍ መክፈትና መጨበጥ፤ ቱቦው ወጥቶ ሐኪሙ ሲፈቅድ ጣቶቿን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ እያራመደች እጇን ማንሳት፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። የደረሰችበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉላት፤ ምልክቱ ከፍ ማለቱን ማየት ደስ ይላል።

ቁስሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ በጡት ፋንታ የሚገባውን እዚሁ መስፋት ይቻላል። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በሌላው ጡት ልክ ተቆርጦ በተባዘተ ጥጥ ይሞላ። ጥጥ ብቻ ቀሎ ወደ ላይ እየወጣ ስለሚያስቸግር ከታች በኩል በትንሽ ከረጢት የተሰፋ ሩዝ ይግባበት፤ ሲታጠብ ሩዙ ይወጣል። ጡት ማስያዣው ውስጥ ኪስ ይሰፋለት፤ አለበለዚያ ጎንበስ ስትል ይወድቃል።

የሚባልና የማይባል

በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዷ ሦስት ነገር ትናገር፦ ሕክምናው የት ደረሰ፣ ይህን ሁለት ሳምንት ምን ከበደ፣ ምን ያስፈልጋል። ማለፍም ይፈቀዳል። «ስንተኛ ደረጃ ነሽ?» አይጠየቅም። ደረጃቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ዕጢያቸው ለሆርሞን የሚሰጠው ምላሽ ስለሚለያይ ሕክምናቸው ይለያያል፤ ለአንዷ ታሞክሲፈን ታዝዞ ለሌላዋ አለመታዘዙ መረሳት አይደለም። ማወዳደር ሲጀመር ጥያቄው ተጽፎ ወደ ሐኪም ይሂድ። ኪኒን መዋዋስ ፈጽሞ የለም።

ጠበል ላይ አትከራከሩ። የምትጠይቋት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፣ የሚጠጣ ሥራ ሥር ካለም ለሐኪሟ እንድትናገር። ጾም የሚያስጨንቃት ካለች ከነፍስ አባቷ ጋር ትነጋገር፤ ለሕመምተኛ መፍቀዳቸው አዲስ ነገር አይደለም።

የፓቶሎጂ ውጤት የምትጠብቅን ሴት አሥር ሰው «ደረሰ?» እያለ ሲደውልላት ቀኑ አሥር ጊዜ ይረዝማል። አንዷ ብቻ ትመደብ፣ በተባለው ቀን ብቻ ትጠይቅ። ሕክምና የጨረሱትም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ክትትል አለ፣ ከዚያ በፊት ያለው ሳምንት እንቅልፍ የለውም። እሱንም ደብተሩ ላይ ጻፉት። በመሃል ለሚመጣ አዲስ ሕመም አንድ ደንብ ይኑር፦ ሁለት ሳምንት ያልተወ የአጥንት ሕመም፣ ሳል ወይም ራስ ምታት ቀጠሮ አይጠበቅለትም። ትንፋሽ ማጠር ግን በዚያው ቀን ነው።

ገንዘብና ካሜራ

ከእያንዳንዷ በስብሰባ 50 ብር ቢሆን አሥር ሴት በወር 1,000 ብር ታወጣለች። ገንዘቡ ለቴርሞሜትር፣ ለትራንስፖርትና ለደም ምርመራ ብቻ ይዋል፤ ብድር ከተጀመረ ቡድኑ ዕቁብ ይሆንና ጠቡም ይከተላል። አንዷ ትያዝ፣ ሌላዋ ትመዝግብ። መክፈል ያልቻለች አትጠየቅ፤ ስሟም አይነበብ።

በጥቅምት፣ የጡት ካንሰር ግንዛቤ ወር ሲመጣ፣ ሮዝ ቲሸርት የለበሰ ሁሉ ካሜራ ይዞ ይመጣል። መልሳችሁን በመስከረም ወስኑ። ፊቷን ማሳየት የምትፈልግ ብቻዋን ትስማማ፤ የቡድን ፎቶ አይነሳ። ቴሌግራም ላይም ያው ነው፦ ፎቶ፣ «ካንሰርን በሦስት ቀን» የሚል መልእክትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መጻፍ የለም።

አባል ስትሞት

ይሆናል። አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁበት ግማሹ ይደብቃል፣ ግማሹ በቴሌግራም ይጽፈዋል። ሕክምና ላይ ላሉት አንድ በአንድ በስልክ ይነገር፤ ያኔ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል ያለችው ልቅሶ ቤት አትሄድም። ለቀስተኛው ቤተሰቡ በሚያውቀው ልክ ይሂድ፦ ለጎረቤት «ዕቁብ» ከተባለ እዚያም ዕቁብ ነው። ቀጣዩ ስብሰባ አይሰረዝ፤ ሌላ አጀንዳ ግን አይያዝበት። ገጾቿም አይቀደዱም፤ ማህደሯ ለቤተሰቧ ይመለሳል፣ ቴርሞሜትሩ ለሚቀጥለዋ ይሰጣል።

ደብተር ያዧ በየስድስት ወሩ ትቀየር፣ ኬሞ ላይ ያለች ግን አትሁን። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሴት እጅ ይኑር።