የጓሮ ዶሮ ቤትን ከዝንብና ከትንኝ እንዴት እንጠብቅ?

ባለፈው ጥቅምት ጎረቤቴ እማማ ለጠላ የሚሆን ብቅል ጓሯቸው ላይ አስጥተው ነበር። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «ና እስቲ ልጄ፣ ይሄን እይልኝ» አሉ። ሰፌዱ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ዝንብ ነው። እማማ አልተቆጡም። ዝም ብለው ወደ እኔ ዶሮ ቤት ብቻ አዩ። በጣም አፈርኩ።

እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ጓሮዬ ውስጥ አሥራ ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝንብ በበዛ ቁጥር ሱቅ ሄጄ የሚነፋ መድኃኒት ገዝቼ እመጣ ነበር። ነፍቼ ለሁለት ቀን ጸጥ ይላል። በሦስተኛው ቀን ያው ነው። የሚበርረውን እየገደልኩ የሚፈለፈለውን ትቼው ነበር ለካ። ዝንብ የሚያመጣው ዶሮው ሳይሆን እርጥብ ኩስ ነው። ይህ ከገባን የቀረው ጉልበትና ትንሽ ክትትል ብቻ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 100 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ትኩስ ኩስ ትጥላለች። አሥራ ሁለት ሲሆኑ በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። አንዲት ሴት ዝንብ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 እንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋ እስከ 500 ሊደርስ ይችላል። እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። በሞቃት ቦታ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ በራሪ ዝንብ ይወጣል። የእኛ አገር ብርድ ነው፣ ይዘገያል ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይዘገያል። ነገር ግን የተከመረ ኩስ ውስጡ በራሱ ይሞቃል። ውጭው ውርጭ ሆኖ ክምሩ ውስጥ ትሉ በምቾት ያድጋል።

መጀመሪያ ምንጩን ፈልጉ

አንድ ጠዋት ጊዜ ስጡትና ዶሮ ቤቱን በቀስታ ዙሩት። ቁራጭ እንጨት ይዛችሁ ከመጠጫው ሥር ያለውን ጉዝጓዝ ጫር ጫር አድርጉት። ላዩ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ከሥሩ ግን ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው ዓይን የሚያቃጥል ነገር ታገኛላችሁ። እዚያ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ትሎች ሲርመሰመሱ ካያችሁ የሚቀጥለው ሳምንት ዝንብ እሱ ነው። ወደ ዳር፣ ደረቅ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ ትንንሽ የስንዴ ፍሬ የሚመስሉ ቡናማ ነገሮች ይኖራሉ። እነሱ ቅርፊት ለብሰው የተኙ ትሎች ናቸው። ለመብረር የቀራቸው ጥቂት ቀን ነው።

ቀጥሎ እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቃችሁ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ጨብጡ። እጃችሁን ስትከፍቱት ብትንትን ካለ ጥሩ ነው። ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ ረጥቧል። ጠብታ ካወጣ ያ ቦታ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ይህን ሙከራ ከመጠጫው አጠገብ፣ ከቆጡ ሥር፣ ዝናብ በሚረጭበት ግድግዳ ሥርና ከመጋቢው ዙሪያ አድርጉት። እኔ ቤት ከአራቱ ሦስቱ እርጥብ ሆነው ተገኙ።

አተላም አይረሳ። በእኛ ሰፈር አተላና የተረፈ እንጀራ ለዶሮ መስጠት የተለመደ ነው፤ ዶሮዎቹም ይወዱታል። ችግሩ የሚያድረው ነው። ጎምዛዛ ሽታው ዝንብ ከሩቅ ይጠራል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። የተረፈውን ወዲያው አንሱ።

መጠጫውን ከመሬት አንሱት

ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣልኝ ይህ ነው። አንዲት ዶሮ በቀን እስከ ሩብ ሊትር ውሃ ትጠጣለች። በሙቀት ከዚያም ይበልጣል። የእኔ መጠጫ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰፊ ሳህን ነበር። ረግጠው ይገቡበታል፣ ይደፉታል፣ ጭረው ጉዝጓዝ ይሞሉበታል።

አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ሁለት ብሎኬት አስቀመጥኩ። በላያቸው ላይ በእንጨት የተወጠረ የሽቦ ወንፊት አደረግኩ። መጠጫው ወንፊቱ ላይ ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ በወንፊቱ አልፎ ከሥሩ ካለው ጎድጓዳ ሰሃን ውስጥ ይገባል። ሰሃኑን ማታ ማታ እደፋዋለሁ። የመጠጫው አፍ ቁመት ከዶሮዋ ጀርባ ጋር እኩል ይሁን። አንገቷን ቀና አድርጋ መጠጣት ከቻለች አትረጭም።

ጉዝጓዝና አየር

ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ ቢያንስ አንድ ጣት ርዝመት ያህል፣ ማለትም ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ አንጥፉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ በመንሽ ገልብጡት። ሲገለበጥ ይደርቃል፣ ዶሮዎቹም የተደበቀውን ትል ለቅመው ይጨርሱላችኋል።

ደጋ ላይ የምንሠራው አንድ ስህተት አለ። ብርድ ፈርተን ዶሮ ቤቱን በጭቃና በጆንያ ድፍን እናደርገዋለን። እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ግድግዳው ካላበው ወይም ዓይናችሁን ከቆነጠጣችሁ አየር የለም ማለት ነው። ዶሮዎቹ በሚያድሩበት ከፍታ ንፋስ አይግባ፤ ከጣሪያው ሥር ግን አንድ ስንዝር ክፍተት ይኑር።

አመድ ጥሩ ነው፣ በቦታው። ወለሉን ጠርጋችሁ ከደረቀ በኋላ ስስ አድርጋችሁ ነስንሱ፤ ከዚያ አዲስ ጉዝጓዝ አንጥፉበት። እርጥብ ኩስ ላይ አመድ ወይም ኖራ መነስነስ ግን አሞኒያ የተባለውን የሚቆነጥጥ ጋዝ ይበልጥ ያስወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የዶሮዎቹን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል።

ኩሱን በሳምንት ሁለቴ አውጡ

ዶሮ አብዛኛውን የሌሊት ኩሷን ቆጥ ላይ ሆና ነው የምትጥለው። ስለዚህ ከቆጡ ሥር ቆርቆሮ ወይም ያረጀ ሸራ አንጥፉ። እኔ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት አነሳዋለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ጊዜ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ትሉ ዝንብ ሳይሆን በፊት ከቤት መውጣት አለበት።

አውጥታችሁ ግን ጓሮ ጥግ ላይ ዝም ብላችሁ አትጣሉት። ዝንቡን ከቤት ወደ ደጅ ማዛወር ብቻ ይሆናል። ከጭድ ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቃችሁ ከምሩት። ቁመቱና ስፋቱ አንድ አንድ ሜትር ሲደርስ ውስጡ በደንብ ይግላል፤ 50 ዲግሪ ሲያልፍ ትል አይተርፍም። በፕላስቲክ ሸፍኑትና ጠርዙን በድንጋይ ወይም በአፈር አትሙት። ዳር ዳሩ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ትሎች ወደዚያ ይሸሻሉ። በየሳምንቱ የዳሩን ወደ መሃል ገልብጡት። ሦስት አራት ወር ሲሞላው ለጎመንና ለድንች የሚሆን ግሩም ማዳበሪያ ነው። ትኩሱን ለአትክልት ብትሰጡት ግን ያቃጥለዋል።

ላም ያላችሁ ደግሞ ኩበት የምትጠፈጥፉበትን ቦታ እዩት። እርጥብ እበት ሳይጠፈጠፍ ቀናት ከቆየ ዶሮ ቤቱን ብታጸዱም ዝንቡ ከዚያ ይመጣል።

የሞተ ዶሮ ካለ በዚያው ቀን ቢያንስ ክንድ ከስንዝር በሚሆን ጉድጓድ ቅበሩት። ጥንብ ላይ ያደገ ትል መርዝ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ያንን የለቀመች ዶሮ አንገቷ ይዝላል፣ መቆም ያቅታታል፣ ብዙ ጊዜም ትሞታለች።

የሃይላንድ ወጥመድ

ከላይ ያሉትን ከሠራችሁ በኋላ የተረፈውን በራሪ ዝንብ ለመያዝ ይሄ ይበቃል። የሁለት ሊትር ሃይላንድ ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ ቁረጡ። የተቆረጠውን አፍ ያለ ክዳን ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ታችኛው ውስጥ ክተቱት። ከሥር ሁለት ጣት ያህል ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ቆንጠር ያለ እርሾና ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ። እርሾው ሲቦካ ይጠራቸዋል፤ ሳሙናው እንዳይንሳፈፉ ያደርጋል። ዶሮ ቤቱ ውስጥ አትስቀሉት። አሥር ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ ፀሐይ የሚያገኘው አጥር ላይ ስቀሉት። ውስጥ ከሰቀላችሁት የጎረቤቱን ዝንብ ሁሉ ወደ ዶሮዎቻችሁ ትጠራላችሁ።

መድኃኒትን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ለእህል ወይም ለአትክልት ተባይ የተሠራ ኬሚካል ዶሮ ቤት ውስጥ አይነፋ። በመኖ፣ በውሃና በሞተ ዝንብ በኩል ዶሮዋ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እንቁላሉ ውስጥ ይገኛል። እንቁላሉን የሚበሉት ልጆቻችን ናቸው። የግድ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ለዶሮ ቤት ተብሎ የተዘጋጀውን ይዘዝላችሁ፤ እስከ መቼ ድረስ እንቁላል መብላት እንደማይቻልም ጠይቁት።

አሁን ወደ ትንኝ

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ትንኝ ብዙም አያስቸግረንም። የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ይዛችሁ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው፤ እሷም ዶሮ አላት። በተለይ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ በየቤቱ ነው።

ዝንብ እርጥብ ኩስ እንደሚፈልግ ሁሉ ትንኝ የቆመ ውሃ ይፈልጋል። በሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን መድቡና የቆመ ውሃ ሁሉ ድፉ። የዶሮ መጠጫ፣ ክፍት በርሜል፣ ያረጀ ጎማ፣ የተጣለ ጣሳ፣ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ የሸራ እጥፋት። በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ቀጭን ክር የሚመስሉ ነገሮች ከላይ ተንጠልጥለው፣ ጥላችሁ ሲያርፍባቸው እየተፈራገጡ ወደ ታች ከጠለቁ የትንኝ እጭ ናቸው። ስትደፉ የመጠጫውንና የበርሜሉን ግድግዳ በቡርሽ ፈትጉ፤ አንዳንዱ የትንኝ ዓይነት እንቁላሉን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ ቢደርቅም አይሞትም። መደፋት የማይችል የውሃ በርሜል በወንፊት ወይም በክዳን ይታሰር። በ2009 ዓ.ም. ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ በዚህ ዓይነት ማጠራቀሚያ ውስጥ መፈልፈል ትወዳለች። ነባሯ የወባ ትንኝ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ኩሬ ይበቃታል። የከብት ኮቴ ያቆረው ውሃ እንኳን ይሆናታል። ዶሮ ቤቱ ዙሪያ ያለውን ጉድጓድ በአፈር ሙሉት፣ ለጣሪያው ፍሳሽ ቦይ አውጡለት።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት፣ ይህች ነባር የወባ ትንኝ ከዶሮ ደም እንደምትርቅ አሳይተዋል። በአጎበር ውስጥ ከተኛ ሰው አጠገብ ዶሮ በቀፎ ሲሰቀል የሚያዘው ትንኝ ቀንሷል። እህቴ ይህን ስነግራት «እና ዶሮዎቹን መኝታ ቤት ላስገባ?» አለችኝ። አታስገባ። ዶሮ ከሰው ጋር ሲያድር ኩሱና ትቢያው ሌላ በሽታ ያመጣል። ዶሮን ደስ ብሎት የሚነክስ ሌላ ዓይነት ትንኝም አለ፤ ማታ ማታ ጆሮ ሥር የሚጮኸው ቢምቢ ከእነሱ ነው። አጎበር የሚተካ ነገር የለም። አጎበሩንም ለሰው እንጂ ለጫጩት ቤት መሸፈኛ አታድርጉት። ለዶሮ ቤቱ መስኮት ከገበያ የሚገኘውን ስስ የትንኝ ወንፊት ወጥሩ። ቆላ ላይ ወንፊት አየር ስለሚቀንስ መስኮቱን ሰፋ አድርጋችሁ ሥሩት።

የቤት ውስጥ ርጭት ሲመጣ ደግሞ ዶሮዎቹ ከቤት ይውጡ። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ወለል ላይ የወደቀውን ነፍሳት ጠርጋችሁ ቅበሩ። ዶሮ አይታው ከለቀመችው ኬሚካሉን ነው የበላችው።

ትንኝ ለዶሮዎቹ የሚያመጣው ትልቁ ጣጣ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ፊታቸው ላይና አናታቸው ላይ ባለው ቀይ ሥጋ እከክ ይወጣል፤ ዓይን እስከ መዝጋት ይደርሳል፣ እንቁላል ይቀንሳል። ሲይዝ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ክንፋቸው ላይ ባለው ስስ ቆዳ በመርፌ ተወግቶ ነው የሚሰጠው። ቆላ ያላችሁ ከትንኙ ወቅት በፊት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቁ። ጎረቤት ተሰባስቦ ቢያስከትብ ይሻላል፤ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፣ ከተከፈተ በኋላም አያድርም። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ክንፋቸውን ገልጣችሁ እዩ። የተወጋበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ወይም ቅርፊት ከሌለ ክትባቱ አልያዘም፤ እንደገና መወጋት አለባቸው።