አልጨበጥን ስንፈጥር የሠራናቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ አራት ጓደኛሞች ሆነን አንድ ምናባዊ ዓለም እየጻፍን ነው። ማታ ማታ፣ ብርዱ ጣት ሲያደነዝዝ፣ ሻይ ይዘን እንቀመጣለን። ከፈጠርናቸው አማልክት አንዱ የለውጥ ጌታ ነው። አታላይ ነው፣ መልኩን ይቀያይራል። ስሙን «አልጨበጥ» አልነው። ሁለት ጊዜ ቀደን ጥለነው በሦስተኛው ነው ነፍስ የዘራው። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ልትፈጥሩ ካሰባችሁ፣ እኛ የተሳሳትነውን አትድገሙት።

ትልቁ ስህተት ውሸታም ማድረግ ነው። የመጀመሪያው አልጨበጥ አፉን በከፈተ ቁጥር ይዋሽ ነበር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የሚያምነው ሰው ጠፋ። የማያምንህን ሰው ደግሞ እንዴት አድርገህ ታታልለዋለህ? ጎበዝ አታላይ እውነቱን ተናግሮ ነው የሚያስተው። የምዕራብ አፍሪካዎቹን የዮሩባዎች አታላይ አምላክ፣ ኤሹን ተመልከቱ። በአንድ በኩል ቀይ፣ በሌላው ነጭ የሆነ ባርኔጣ አድርጎ በሁለት ወዳጆች እርሻ መሀል አለፈ። አንዱ «ቀይ ነው»፣ ሌላው «ነጭ ነው» ብለው ተጣሉ። ኤሹ አንዲት ቃል አልዋሸም።

እኛ ደግሞ ሰምና ወርቅ እያለን ምን አስቸገረን? አሁን አልጨበጥ አንድ ገበሬ «ዘንድሮ ምን ይገጥመኛል?» ሲለው፣ «ክረምቱ ሳይወጣ ቤትህ ይሞላል» ብሎ ይመልሳል። ሰውየው ጎተራውን ጠራርጎ እህል ይጠብቃል። በነሐሴ ወንዙ ሞላ። ቤቱም ሞላ።

ሌላው፣ የማይሸነፍ ማድረግ። ሁሌ የሚያሸንፍ አታላይ ይሰለቻል። የግሪኮቹ አታላይ አምላክ ሄርሜስ በተወለደ በቀኑ የሌላውን አምላክ የአፖሎን 50 ላሞች ሰርቆ፣ ዱካቸው እንዳይታወቅ የኋሊት ነዳቸው። ግን ተያዘ! ከኤሊ ቅርፊት የሠራውን ክራር ሰጥቶ ነው የታረቀው። የሰሜን አውሮፓ ተረቶች አታላይ ሎኪም መጨረሻው መታሰር ነው፣ ከላዩ የእባብ መርዝ እየተንጠባጠበበት።

«እኔ ለውጥ ነኝ፣ ሁሉም ያልፋል» የሚል ዲስኩርም አታስደርጉት። እኛ ሁለት ገጽ ሙሉ አስደርገነው ነበር፣ ያሳፍራል። ለውጡ በቆዳ የሚሰማ ይሁን። የአልጨበጥን ቤት ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ፣ ጣርማ በር ላይ ስናደርገው ነው የገባን። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት ዋሻም አለ። ጉሙ መንገዱን ሲውጠው ሾፌሮች መብራት አብርተው ይድሃሉ። ጋቢ ተከናንበህ ታልፋለህ፤ ደብረ ሲናን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ያንኑ ጋቢ በክንድህ ይዘህ ላብህን ትጠርጋለህ። «ጉም መዝገን» የሚለውን አባባል እያወቅን ይህን ሳናስብ መቆየታችን ይገርመኛል።

ተከታዮቹን ረስተናቸው ነበር። ጥቁር ካባ የለበሱ፣ ያለ ምክንያት የሚስቁ እብዶች አድርገናቸው አለፍን። አሁን ግን ታሪኩ ያለው እነሱ ጋ ይመስለኛል። ለውጥን የሚለምን ማን ነው? እንዳለ መኖር ያቃተው ነዋ። መሬት ለታላላቆቹ ተከፋፍሎ ባዶ እጁን የቀረ የመጨረሻ ልጅ። ካልፈለገችው ባል የምትሸሽ ሴት። ከጦር ሜዳ የጠፋ ወታደር። ከዚያ ዋጋ ተመንንላቸው፦ ዋሻው ውስጥ የገባ ሰው ከራሱ አንድ ነገር ትቶ፣ ሌላው የተወውን አንድ ነገር አንስቶ ይወጣል፤ ጨለማ ስለሆነ መምረጥ አይችልም። አንዷ ስሟን ትታ ገባች፣ የማታውቀውን ሰው ዕዳ ተሸክማ ወጣች። አበዳሪዎቹ እየፈለጓት ነው። ወታደሩ ፍርሃቱን ጥሎ የሌላ ሰው ናፍቆት ይዞ ወጣ፤ ሄዶባት ለማያውቃት መንደር ያለቅሳል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ዛርና ቃልቻን እንዳለ ገልብጣችሁ አትውሰዱ። ለእናንተ ጌጥ የሆነው ለጎረቤታችሁ ሕመም ወይም እምነት ሊሆን ይችላል። የመላእክትንም ስም አትንኩ። እናቴ ረቂቁን እንዳለ እንኳ ብታገኘው ጠበል ነው የምትወስደኝ።

እስስት ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። የለውጥ ጌታ ሲባል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሷን ስለሆነ ሦስታችን አንፈልጋትም። አራተኛው ግን ትከሻው ላይ ካልተቀመጠች ብሎ ድርቅ ብሏል። ትናንት ደግሞ ሥዕሏን ስሎ መጣ፤ ክፋቱ፣ ታምራለች።