የተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ እንዴት ይቀየራል፣ ባለሙያ መጥራት የሚያስፈልገውስ መቼ ነው?

ማብሪያ ማጥፊያ ከመበላሸቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ሲጫኑት ይንጣጣል፤ መብራቱ አንድ ጊዜ በርቶ አንድ ጊዜ እምቢ ይላል፤ ቁልፉ ላልቶ ይወዛወዛል፤ ሽፋኑ ይሞቃል ወይም ጠርዙ ላይ ቡናማ የመቃጠል ምልክት ያወጣል። መንጣጣቱ የሚመጣው በሚነካኩት ብረቶች መካከል ብልጭታ እየተፈጠረ ፊታቸውን ስለሚበላው፣ ወይም ሽቦውን የያዘው ብሎን ስለላላ ነው። በሁለቱም ምክንያት ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱም ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ስለዚህ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወይም ጥቁረት ከታየ «ለጊዜው ይሠራል» ብሎ መተው አይገባም፤ ብሬከሩን አጥፍቶ በዚያው ቀን መቀየር ወይም ማስቀየር ያስፈልጋል።

አንድ ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር ጥንቁቅ የሆነ ሰው ሁሉ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ብሎን መፍታትና ማሰር ቀላል ነው፤ ከባዱ ሽቦው ላይ ኃይል አለመኖሩን ያለ ጥርጣሬ ማረጋገጥ ነው። በዚህ ጽሑፍም ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለዚህ ማረጋገጫ ነው።

ከሁሉ በፊት አምፖሉን በሌላ፣ በሚሠራ አምፖል ይሞክሩ። የአምፖል መያዣውም የላላ ወይም የተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ላይ ያለውን ዕቃ መንካት የሚገባዎት ሁለቱም ደህና መሆናቸውን ካዩ በኋላ ነው።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ እጀታቸው በደንብ የተሸፈነ ካቻቪቴና ፒንሳ፣ ቴስተር (ኃይል ሲኖር የሚበራ መሞከሪያ)፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ ቢቻል ደግሞ መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ)። በቢላዋ ሽቦ መላጥን አልመክርም፤ ቢላዋው መዳቡን ይጭረዋል፣ የተጫረውም ሽቦ ብሎን ሥር ሲጠብቅ ይሰበራል።

ኃይሉን ማጥፋትና መጥፋቱን ማረጋገጥ

ማብሪያ ማጥፊያው «ጠፍቷል» ማለት ሳጥኑ ውስጥ ኃይል የለም ማለት አይደለም። ቁልፉ የሚቆርጠው ወደ አምፖሉ የሚሄደውን መስመር ስለሆነ፣ ከብሬከር የሚመጣው ፌዝ (ኃይል ይዞ የሚመጣው ሽቦ) ቁልፉ ቢጠፋም ቢበራም እስከ ብሎኑ ድረስ 220 ቮልት ይዞ ቆሟል። ኃይሉ መቆረጥ ያለበት ብሬከሩ ላይ ነው።

በአገራችን የተለመደው አደገኛ አቋራጭ መብራት የሄደበትን ሰዓት ጠብቆ መሥራት ነው። በሰፈራችን አንድ ወጣት «መብራት የለም» ብሎ ብሬከሩን ሳይነካ የሳሎኑን ማብሪያ ሲፈታ ኃይሉ ተመለሰ፤ ንዝረቱ ወደ ኋላ ወርውሮት ክንዱ ተሰበረ። ነፍሱ የተረፈችው እጁ ከሽቦው ላይ ስለተላቀቀ ነው። መብራት መቼ እንደሚመለስ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም። ከዚህም በላይ በዚያ ሰዓት ምንም ነገር ማረጋገጥ አይቻልም፤ መስመሩ ሁሉ ባዶ ስለሆነ ያጠፉት ብሬከር ትክክለኛው ይሁን አይሁን ቴስተሩ ሊነግርዎት አይችልም። ስለዚህ ይህ ሥራ መሠራት ያለበት ሰፈሩ ውስጥ መብራት ባለበት ሰዓት፣ በቀን ብርሃን ነው።

መጀመሪያ የሚቀየረው ማብሪያ የሚያዝዘውን መብራት አብርተው ብሬከሩን ያጥፉ፤ መብራቱ ከጠፋ ብሬከሩ የዚያ መስመር መሆኑን አወቁ ማለት ነው። መብራቱ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ግን ወይም ብሬከሮቹ ላይ የተጻፈውን ካላመኑት ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ብሬከሩ ላይ ፕላስተር ይለጥፉበት፤ ለቤተሰቡም በቃል ይንገሩ። ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ብሬከሩ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ወይም የጋራ ግድግዳ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ «ፍሪጄ ጠፋብኝ» ብሎ መልሶ የሚያበራ ሰው እንዳይኖር አንድ ሰው አጠገቡ ቢቆም ይሻላል። ቤቱ ጄኔሬተር፣ ሶላር ወይም ኢንቨርተር ካለውም አብሮ ይጥፋ። የቆጣሪው ማሸጊያ ግን በምንም ምክንያት አይነካም፤ ከቆጣሪው ወደ ውጭ ያለው ሁሉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነውና ችግሩ እዚያ ከሆነ 905 ይደውሉ።

ቀጥሎ ሽፋኑ ይፈታል፤ በብሎኖቹ ላይ ቴስተር ከማስቀመጥ በቀር ገና ምንም አይነካም። ቴስተር ውስጡ ትንሽ የኒዮን መብራትና ትልቅ ሬዚስታንስ አለው፤ የሚበራውም እጅግ ጥቂት ከረንት በጣትዎና በሰውነትዎ አልፎ ወደ መሬት ሲሄድ ነው። በዚህ ምክንያት ጣትዎ ከጀርባው ያለውን ብረት ካልነካ፣ ደረቅ እንጨት ላይ ከቆሙ ወይም ፀሐይ በቀጥታ ከወደቀችበት፣ ኃይል እያለ የሌለ ሊመስልዎት ይችላል። መድኃኒቱ ሦስት ጊዜ መሞከር ነው። ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚያውቁት ሌላ ሶኬት ላይ ሞክረው ሲበራ ይዩ፤ ከዚያ የማብሪያውን ብሎኖች ሁሉ አንድ በአንድ ይንኩ፤ በመጨረሻም ወደ ሶኬቱ ተመልሰው ቴስተሩ አሁንም እንደሚሠራ ይዩ። ዋናውን ብሬከር የሚያጠፉ ከሆነ የቤቱ ሶኬቶች ሁሉ ስለሚጠፉ፣ የመጀመሪያውን ሙከራ ከማጥፋትዎ በፊት፣ በዚያው ማብሪያ ላይም ጭምር ያድርጉት፤ የመጨረሻውን ደግሞ ኃይል ባለው የጎረቤት ሶኬት ላይ። የተሰነጠቀ ወይም እርጥበት የገባው ቴስተር መጣል አለበት።

መልቲሜትር የተሻለ ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለው። ሁለቱን መንኪያዎች በማብሪያው ሁለት ብሎኖች ላይ አድርገው ቁልፉ የበራ ከሆነ፣ ብሎኖቹ ሁለቱም 220 ቮልት ላይ ቆመው ሳለ መሣሪያው ዜሮ ያሳያል። መልቲሜትር የሚያነበው በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ በሁለቱ ብሎኖች መካከል ደግሞ በዚያን ጊዜ ልዩነት የለም። ስለዚህ ልኬቱ ከእያንዳንዱ ብሎን ወደ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ) ወይም ወደ ኒውትራል (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) መሆን አለበት። ሳጥኑ ውስጥ ሁለቱም ከሌሉ፣ ብዙ ጊዜም አይኖሩም፣ በቴስተሩ ሦስት ሙከራ መመራት ይሻላል።

አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ማሰር

ሽቦዎቹን ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። አንድ ብሎን ሥር ሁለት ሽቦ ታስሮ ካገኙ፣ አንዱ ፌዝ ይዞ የመጣ፣ ሌላው ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያሻግር መሆኑ አይቀርም፤ ሁለቱን በፕላስተር አብረው ጠቅልለው ምልክት ካላደረጉ የመኝታ ቤቱ መብራት አብሮ ይጠፋል። በቀለም ብቻ አይመኑ። በአዲሱ ሥርዓት ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ግራውንድ ነው፤ ይሁን እንጂ በአሮጌ ቤቶች ሠራተኛው በእጁ የተገኘውን ቀለም ሁሉ ተጠቅሟል። በአዲሱም ቤት ቢሆን ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ሰማያዊ ሆኖ ፌዝ የሚሸከምበት ጊዜ አለ። ከደረጃ ላይም ከታችም የሚበራ መብራት ማብሪያው ሦስት ብሎን አለው፤ የጋራ የሆነውን ብሎን ለይተው ምልክት ሳያደርጉ አይፍቱት።

ጫፉ የጠቆረ ሽቦ እንደገና አይታሰርም። መዳቡ እስኪያበራ ድረስ ተቆርጦ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይላጣል። ተቆርጦ ካጠረ ሳጥኑ ውስጥ በሞርሴቶ (ባለ ብሎን የሽቦ ማያያዣ) ይቀጠል፤ አጥሮ የተወጠረ ሽቦ ቀስ በቀስ ከብሎኑ ይወጣል። የመብራት መስመር አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ስለሆነና ቀዳዳው ስለሚሰፋበት፣ የተላጠውን ጫፍ በፒንሳ ሁለት አጥፎ ማስገባት ጥሩ ልምድ ነው። ፕላስቲኩ ብሎን ሥር እንዳይገባ፣ ባዶ መዳብም ወደ ውጭ እንዳይታይ አድርገው ያጥብቁ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ በእጅዎ ሳብ ያድርጉት። ሲሳብ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። የቀረው ሽቦውን ሳያጣምሙ ማጠፍ፣ ማብሪያውን መግጠምና ሽፋኑን መክደን ነው።

ብሬከሩን አብርተው ከሞከሩ በኋላ መብራቱን ጥቂት ሰዓት አብርተው ይተዉና ሽፋኑን በመዳፍዎ ይንኩ። ተራ ማብሪያ መሞቅ የለበትም።

ስለ ዕቃው

መርካቶም ሆነ በየሰፈሩ ያሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ውስጥ በመልክ የማይለዩ፣ በዋጋ ግን በጣም የሚራራቁ ማብሪያዎች አሉ። እኔ የምመክረው ርካሹን አይደለም። ከጀርባው 10 አምፔር 250 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ በእጅ ሲይዙት ክብደት ይኑረው፤ ቁልፉም ሲጫኑት መሃል ላይ ሳይቆም ጥርት ባለ ድምፅ ይዝለቅ። ትንሽ ማግኔት ወደ ሽቦ መያዣው ያስጠጉ፤ መያዣው ነሐስ መሆን ስላለበት መሳብ የለበትም፤ ብሎኑ ራሱ ቢሳብ ግን ችግር የለውም።

የ10 አምፔር ማብሪያ በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ነው። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ በመብራት ማብሪያ መታዘዝ የለበትም፤ የውሃ ማሞቂያውም ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥ የራሱ 20 አምፔር ማብሪያ ያስፈልገዋል። ብዙ የቀለጡ ማብሪያዎች የቀለጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ በተመሳሳይ ዕቃ ቢቀየሩ እንደገና ይቀልጣሉ።

ባለሙያ መጥራት የሚገባዎት

ሳጥኑን ሲከፍቱ የሽቦው ልባስ እስከ ግድግዳው ውስጥ ተቃጥሎ ወይም ደርቆ እየተሰባበረ ካገኙት፣ ግድግዳው እርጥብ ከሆነ፣ ብሬከሩ በተደጋጋሚ ከወደቀ፣ ወይም ብሬከሩን አጥፍተው ቴስተሩ አሁንም ከበራ ሥራውን ያቁሙ። ማብሪያው ጠፍቶ የኤልኢዲ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነም እንዲሁ። ቁልፉ ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ከሌለ ግን ማብሪያው በፌዙ ፈንታ ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መስመር ማብሪያው ጠፍቶም የአምፖል መያዣውን ባለ ፌዝ ስለሚያደርገው፣ አምፖል የሚቀይረውን ሰው ሊገድል ይችላል። ይህን ለማስተካከል ስካቶላው (ሽቦዎች የሚገናኙበት ሳጥን) ድረስ መሄድ ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ይተዉት።

ባለሙያ ሲመርጡ የብቃት ምዘና ማለፉን መጠየቅ ነውር አይደለም። ከወረቀቱ ይልቅ እኔ የማየው አሠራሩን ነው፦ ከመንካቱ በፊት ብሬከር ያጠፋል ወይስ «ለምጄዋለሁ» ይላል? ሽቦ ሲቀጥል በሞርሴቶ ያስራል ወይስ ጠምዝዞ ፕላስተር ይጠቀልላል? «ለምጄዋለሁ» ብሎ ኃይል ሳያጠፋ የሚሠራውን አመስግነው ይሸኙት። የእጅና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ሥራው ሳይጀመር ይወሰን፤ ዕቃውን ራስዎ ቢገዙት ደግሞ ይመረጣል። ሲጨርስ ሽፋኑን ከመግጠሙ በፊት ያሳይዎት፤ አሮጌውንም ማብሪያ ተቀብለው ይዩት። የተቃጠለው በአንድ ብሎን በኩል ብቻ ከሆነ የዚያ ብሎን ሽቦ ተቆርጦ ንጹሕ መዳብ ላይ መታሰሩን እዚያው ይጠይቁት።