ኮፒ ቤት ቴሌግራም ከፍታችሁ ነበር?
ሐዋሳ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ሲቪ ለማተም በሰው ኮምፒውተር ቴሌግራም ከከፈታችሁ፣ መስኮቱን መዝጋት ብቻ ከአካውንቱ አያስወጣችሁም። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው መልእክታችሁን እንዳለ ያነበዋል። ስልካችሁ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዲቫይስስ ግቡ፤ የማታውቁትን መሣሪያ ነክታችሁ ተርሚኔት በሉት። ሐዋሳ ሆናችሁ ከመሣሪያው ስም ሥር አዲስ አበባ ብሎ ቢጽፍ አትደንግጡ፤ ቦታው ከአይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ ከሚታወቅበት ቁጥር) የሚገመት ስለሆነ ብዙ ይስታል። የመሣሪያውን ስምና ሰዓቱን እመኑ። ስልኩ ላይ ወደ አካውንታችሁ ከገባችሁ ገና 24 ሰዓት ካልሞላ ግን ሌሎቹን ማስወጣት እምቢ ሊላችሁ ይችላል። እዚያው ገጽ ታች፣ ሳይነካ የቆየ መሣሪያ በራሱ የሚዘጋበትን ጊዜ ወደ 1 ሳምንት አውርዱት። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ መሄድም አለ (ቫይረሱ ሌላ ጣጣ ቢሆንም)።