በርካሽ አስፈሪ ጌሞች ላይ አስተያየት ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት ጌም ቤት መግቢያ ላይ አንድ ደብተር አለ። ተጫዋቾች ስለጨረሱት ወይም ጀምረው ስለተዉት ጌም የሚሰማቸውን ይጽፉበታል፤ እኔም ረብ ያለውን መርጬ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስሁ ለሠሪዎቹ እልካለሁ። ከኳስና ከመኪና ጌሞች ቀጥሎ ብዙ የሚጻፍባቸው በጥቂት ሰዎች፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው እጅ ብቻ የተሠሩት የሰርቫይቫል ሆረር ጌሞች ናቸው፤ ጥይቱ ጥቂት፣ ብርሃኑ ደብዛዛ፣ ተጫዋቹ ከመዋጋት ይልቅ መሸሽና መደበቅ የሚበጀው ዓይነት። እጅግ የማይረቡ አስተያየቶች የሚጻፉትም በእነዚሁ ላይ ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለማስታወቂያ የሚያወጡት ገንዘብ ስላላቸው ግድየለሽ አስተያየት ብዙም አይጎዳቸውም። በአነስተኛ በጀት የተሠራ ጌም ግን የሚታወቀው ተጫዋቾች በሚሉት ነው። ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ ገዢው «እመክራለሁ» ወይም «አልመክርም» ከማለት ውጪ መካከለኛ ምርጫ የለውም፤ የሚመክሩት ሰዎች ድርሻ ከ70 በመቶ ሲያንስ ደግሞ አስተያየቱ የተደበላለቀ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከጌሙ ስም ሥር ይወጣል። በጠቅላላው ሃምሳ ሰው ብቻ አስተያየት የሰጠበትን ጌም እዚያ ደረጃ ላይ ለመጣል ሳያስቡ የሚጽፉ ጥቂት ሰዎች ይበቃሉ።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው «አያስፈራም» የሚለው አንድ ቃል ነው። ያልፈራው ማን ነው? የት ሆኖ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እየሰማ ተጫውቶ ነው ያልፈራው? ጌም ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው መልሱን አያጣውም። በአንደኛው ስክሪን ሁለት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ተራ የሚጠብቁት ከኋላ ሆነው ይጮኻሉ፣ ከደጅ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። ባለ አስፈሪው ጌም በዚህ መካከል ድምፁን ዘግቶ ይጫወታል፤ ጭራቁ ብቅ ሲል ጓደኛው ትከሻውን እየመታ ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ከዚያም ደብተሩን ስቦ «አያስፈራም፣ 3 ከ10» ብሎ ይጽፋል። ይህን የመሰለ ገጽ ባየሁ ቁጥር ቀድዶ መጣል ያምረኛል።

እነዚህ ጌሞች ፍርሃትን የሚፈጥሩት በአብዛኛው በድምፅ ነው፤ ምክንያቱም ደግሞ ገንዘብ ነው። ጭራቅን አሳምሮ መቅረጽና እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ብዙ ባለሙያና ብዙ ወራት ይጠይቃል፤ ከግድግዳ ማዶ የሚሰማን የእግር ኮቴ ግን አንድ ሰው በአንድ ማይክሮፎን ሊቀርጸው ይችላል። ስለዚህ ሠሪው ጭራቁን ደብቆ ድምፁን ያሰማል። ፍሪክሽናል ጌምስ የተባለው የስዊድን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው «አምኔዥያ፡ ዘ ዳርክ ዲሰንት» ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ተጫዋቹ ምንም መሣሪያ የለውም፣ በጨለማ ውስጥ በቆየ ቁጥር የገጸ ባሕርዩ አእምሮ ይታወካል፣ ጭራቁን ትኩር ብሎ ማየትም መታወኩን ያባብሰዋል። ሠሪዎቹ «አትመልከት፣ አድምጥ» እያሉት ድምፁን የዘጋ ሰው ጌሙን ከፍቶታል እንጂ አልተጫወተውም።

ከኮምቦልቻ እየመጣ ጌም በፍላሽ የሚወስድ አንድ የምሕንድስና ተማሪ አለ። አንድ ጊዜ «ምኑም አያስፈራም» ብሎ ፍላሹን ሲመልስ የት እንደተጫወተው ጠየቅሁት። ዶርም ውስጥ፣ ጓደኞቹ አጠገቡ ካርታ እየተጫወቱ፣ የላፕቶፑ ስፒከር ከተበላሸ ደግሞ ወራት አልፎታል። ኢርፎን አውሼው ሁሉም ከተኙ በኋላ እንደገና እንዲሞክረው ለመንሁት። በሌላ ጊዜ ሲመጣ አልጨረሰውም ነበር፤ «ወላሂ ጋሼ፣ የቀረውን በቀን ብጫወተው ይሻለኛል» አለኝ። «አብሽር» አልሁትና ይህንኑ ቃሉን ከነሰዓቱ በደብተሩ ላይ አስጻፍሁት። ሠሪው ከ«3 ከ10» የማያገኘውን ነገር ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ያገኛል፦ ተጫዋቹ መቼ እንደቆመና ለምን እንደቆመ።

የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጫፍ ከፍ አድርጎ ጨለማውን ወደ ግራጫነት የሚለውጠውም ከዚሁ ይመደባል። ጌሙ ሲጀመር «ምልክቱ በጭንቅ እስኪታይህ ድረስ ብርሃኑን ቀንስ» የሚለው ለጌጥ አይደለም።

ሌላው ብዙ የማየው ስህተት ሆን ተብሎ የተደረገን ችግር እንደ ጉድለት መቁጠር ነው። «ጥይት ያልቃል»፣ «ሴቭ ማድረግ የሚቻለው አልፎ አልፎ ብቻ ነው»፣ «ዕቃ መያዣው ጠባብ ነው» እየተባለ ይጻፋል። የዚህ ዓይነት ጌም አጥንቱ ይህ ነው። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው «ሬዚደንት ኢቭል» ላይ ተጫዋቹ የደረሰበትን ለማስቀመጥ የጽሕፈት መኪና ማግኘትና የቀለም ጥብጣብ መጠቀም ነበረበት፤ ጥብጣቡ ደግሞ በቁጥር ነው። በዚህ ምክንያት «አሁን ላስቀምጥ ወይስ ልቀጥል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ከዞምቢው ያላነሰ ያስጨንቅ ነበር። ሮዝ ኢንጂን የተባለው የሁለት ሰዎች የጀርመን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው «ሲግናሊስ»ም ሲወጣ ተጫዋቹን ስድስት ዕቃ ብቻ ያሲዘው ነበር፤ ብዙ ቅሬታም አስከትሏል። በእኔ አስተያየት ስድስቱ አንዳንድ ቦታ ላይ ከማስጨነቅ አልፈው በባዶ ክፍሎች መካከል ማመላለስ ይሆናሉ። ይሁንና «ዕቃ መያዣው ተበላሽቷል» ብሎ መጻፍና «ዕቃ ለመመለስ የሄድሁት መንገድ ከሚያስፈራኝ ይልቅ አሰለቸኝ» ብሎ መጻፍ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛውን ያነበበ ሠሪ ምን ማስተካከል እንዳለበት ይገባዋል።

ድክመትን ወደ ጉልበት የለወጡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ሳይለንት ሂል» በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ላይ የተሠራ ነበር፤ መሣሪያው የራቀውን መንገድና ሕንፃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመሳል አቅም ስላልነበረው ሠሪዎቹ ከተማውን በጭጋግና በጨለማ ሸፈኑት። በክረምት ጠዋት ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ይህ ለምን እንደሠራ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ሾፌሩን የሚያስጨንቀው የሚያየው ነገር አይደለም፣ ከጭጋጉ ውስጥ ሊወጣ የሚችለው ነው።

ይህን የተረዱ አንዳንድ ልጆች ግን በተቃራኒው ጠርዝ ይወድቃሉ። ቁልፉ በእጅ እያለ በሩ አይከፈትም፣ ገጸ ባሕርዩ ደረጃ ሥር ተቀርቅሮ ይቀራል፣ ሴቭ የተደረገው ፋይል ይጠፋል፤ እነሱ ግን «ሆን ብለው ነው፣ ኢንዲ (ያለ ትልቅ ኩባንያ የተሠራ ጌም) እንዲህ ነው» ይላሉ። አይደለም። ተጫዋቹን እንዲመርጥ የሚያስገድድ ችግር ንድፍ ነው፤ ጌሙን ዘግቶ እንደገና እንዲከፍት የሚያስገድደው ግን ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ነው፣ በስሙም መጠራት አለበት።

የእኛ አካባቢ የተለየ ስህተት ያረጀ ቅጂን መተቸት ነው። ከውጭ ለመግዛት የሚያስችል የባንክ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት በመሆኑ ጌሙ የሚዘዋወረው በፍላሽ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ነው፤ በመንገዱ ላይም ያረጃል። ብዙዎቹ ትናንሽ ጌሞች ደግሞ ሳያልቁ ለሽያጭ ቀርበው ገዢው እየተጫወተባቸው የሚሻሻሉ ናቸው። በእንግሊዝ አንድ ሰው የጀመረው «ፋዝሞፎቢያ» እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲህ ነበር ለገበያ የወጣው፤ የዚያን ጊዜውን ቅጂ ይዞ ዛሬ «ካርታው (የመጫወቻው ቦታ) ጥቂት ነው» የሚል ሰው ስለሌላ ጌም እየተናገረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የቅጂው ቁጥር በመጀመሪያው ሜኑ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። እሱ ያልተጻፈበትን አስተያየት ለማንም አልልክም።

በነጻ የተገኘ ቅጂ ተጫውቶ «ለዋጋው አይመጥንም» የሚለውንማ ምን ልበለው? «ዳርክውድ»ን የሠሩት ሦስቱ ፖላንዳውያን እ.ኤ.አ. በ2017 ጌማቸውን ራሳቸው በቶረንት (ሰዎች ፋይል በሚለዋወጡበት የኢንተርኔት ዘዴ) በነጻ ለቀውት፣ የወደደው ሰው ሲችል እንዲገዛው ብቻ ነበር የጠየቁት። በነጻ መጫወት አስተያየት ከመስጠት አያግድም፤ ስለ ዋጋ መፍረድ ግን ለከፈለ ሰው መተው አለበት።

«ይንቀረፈፋል» ከተባለም ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ግራፊክስ ካርዱ አብረው ይጻፉ። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲጫወቱ አብዛኛው ላፕቶፕ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን እንደሚቀንስም አይዘንጋ። በመብራት ጊዜ ደህና የሚሄድ ጌም ቻርጀሩ ሲነቀል ሲጎተት አይቼ ስለማውቅ፣ «ላግ ያደርጋል» የሚል ሰው ሲመጣ በመጀመሪያ የምጠይቀው ሰፈሩ መብራት ነበረው ወይ ብዬ ነው።

«አጭር ነው» የሚለው ቅሬታ አስቦ መጻፍን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «አይረን ላንግ» በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ተጫዋቹ በአንዲት ጠባብ የባሕር ሰርጓጅ ውስጥ ተዘግቶ፣ ውጭውን የሚያየው ፎቶ በማንሳት ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ ወደ ስምንት ሰዓት ቢለጠጥ ይሞታል። የስቲም ደንብ ጌም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወቱት ገንዘቡ እንዲመለስ ይፈቅዳል። የ«ሰመር ኦፍ 58» ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ብዙ ተጫዋቾች ጌሙን ከጨረሱ በኋላ ገንዘባቸውን እያስመለሱ መሆኑን ገልጾ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ሥራውን እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ጌሙ ሁለት ሰዓት አይሞላም ነበር። ርዝመቱን መግለጽ ለገዢ ይጠቅማል፤ አጭርነትን ብቻውን እንደ ጥፋት መክሰስ ግን ትክክል አይደለም።

ግራፊክሱን ከትልልቅ ኩባንያዎች ሥራ ጋር ማወዳደር ጊዜ ማባከን ነው። ብዙዎቹ የድሮውን የፕሌይስቴሽን መልክ የሚመርጡት አቅም በማጣት ብቻ ሳይሆን፣ በግልጽ የማይታይ ፊት ይበልጥ ስለሚያስፈራም ጭምር ነው።

ዩቲዩብ ላይ ሌላ ሰው ሲጫወተው አይተው የሚጽፉም አሉ፤ እነሱ ያዩት የሌላውን ሰው ጩኸት ነው። መጨረሻውን የሚያጋልጠውን ደግሞ ሳላነብ እሰርዘዋለሁ።

በመጨረሻ የቀረው ርኅራኄ ነው፤ የሚፈጽሙት ደጋግ ልጆች ስለሆኑ ልቆጣቸው አልችልም። «አንድ ሰው ብቻውን ነው የሠራው፣ ምስኪን፣ 10 ከ10» ብለው ይጽፋሉ። በአንድ ሰው የተሠራው «ሊታል ካምፓኒ» እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለምን ያዳረሰው ስለታዘነለት አይደለም፤ ጓደኛሞችን በአንድ ላይ እያሳቀ የሚያስፈራ በመሆኑ ነው። ባዘነለት ሰው ምክር ጌሙን የገዛ ሌላ ተጫዋች ሲከፋው የሚቆጣው በሠሪው ላይ ነው።

ባግ ያጋጠመው ሰው እሱን ከአስተያየቱ ለይቶ በሌላ ወረቀት ይጻፍልኝ፦ የቅጂው ቁጥር፣ የክፍሉ ስም፣ በእጁ የነበሩት ዕቃዎች፣ ከመከሰቱ በፊት የተጫናቸው ቁልፎች፣ እንደገና ሲሞክር ደግሞ መከሰት አለመከሰቱ። ስልክ ያለው ስክሪኑን ፎቶ ቢያነሳው ይመረጣል።