የአካባቢ ዌብ ሰርቨርን ለኮምፒውተርም ለስልክም እንዲያገለግል አድርጎ ማዘጋጀት

በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በስልክ ላይ እኩል የሚሠራ ድረ ገጽ ለሚያዘጋጅ ሰው የኤችቲኤምኤል ፋይሉን ከፎልደሩ በቀጥታ ከፍቶ ማየት አይበቃም፤ ብራውዘሮች እንዲህ በተከፈተ ገጽ ላይ የጃቫስክሪፕት ሞጁሎችን መጫንንና ሌሎች ፋይሎችን ማንበብን ስለሚከለክሉ፣ ያልተበላሸው ኮድ የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ ገጹን በአካባቢ ዌብ ሰርቨር፣ ማለትም በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ፋይሎቹን ለብራውዘሩ በሚያቀርብ ፕሮግራም፣ መክፈት ያስፈልጋል።

ፓይተን 3 ካለዎት ሌላ ምንም መጫን አያስፈልግም። በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ገብተው ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውን የኤችቲቲፒ ሰርቨር ሞጁል ያስነሡ፤ ሌላ ቁጥር ካልሰጡት በፖርት 8000 ይከፈታል (ፖርት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያሉ አገልግሎቶች የሚለዩበት ቁጥር ነው)። ሥራው ፒኤችፒ የተባለውን በሰርቨር ላይ የሚሠራ ቋንቋና ዳታቤዝ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ዌብ ሰርቨሩን አፓቺን፣ ዳታቤዙን ማሪያዲቢንና ፒኤችፒን አንድ ላይ የያዘው ዛምፕ ይሻላል። አፓቺ አልነሣም ካለ፣ ፖርት 80 በሌላ ፕሮግራም አለመያዙን ያረጋግጡ፤ ተይዞ ከሆነ 8080 ያድርጉት።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ስልኩን ሲያነሣ ነው። ሎካልሆስት፣ ማለትም 127.0.0.1፣ ሁልጊዜ የሚያመለክተው አድራሻው የተጻፈበትን መሣሪያ ራሱን ስለሆነ፣ በስልክ ላይ ሲጻፍ ስልኩ ሰርቨሩን ከራሱ ውስጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰርቨሩ በ0.0.0.0፣ ማለትም በኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻዎች ሁሉ ላይ፣ እንዲያዳምጥ ያድርጉ (የፓይተኑ ሳይነገረው ያደርገዋል፤ ተጠቃሚው የሚያየውን የገጹን ክፍል ለመሥራት ከሚያገለግሉት የፍሮንትኤንድ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ግን አያደርጉትም)፤ ኮምፒውተሩንና ስልኩን ከአንድ ዋይፋይ ጋር ካገናኙ በኋላ በስልኩ ብራውዘር ላይ ኮምፒውተሩ በዚያ ዋይፋይ ላይ ያለውን አድራሻ ከነፖርቱ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20:8000 ብለው ይጻፉ። ገጹ ሳይከፈት እየዞረ ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ያገደው የኮምፒውተሩ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚያጣራው ክፍል) ነው። ይህ አሠራር ፎልደርዎን በዚያው ኔትወርክ ላሉ ሁሉ የሚከፍት በመሆኑ፣ በሕዝብ ዋይፋይ ላይ ባይሞክሩት ይመረጣል።

የአንድሮይድ ኢሙሌተር (በኮምፒውተር ላይ ስልክን መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም) ኮምፒውተሩን የሚያገኘው በ10.0.2.2 ነው፤ የአይኦኤስ ሲሙሌተር ግን የማኩን ኔትወርክ ስለሚጋራ ሎካልሆስት ይሠራለታል። ካሜራና ሰርቪስ ወርከር (ከገጹ ጀርባ የሚሠራ ስክሪፕት) ያለ ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ያለ ተመስጥሮ ግንኙነት፣ የሚፈቀዱት በሎካልሆስት ብቻ ስለሆነ፣ በ192.168 አድራሻ የተከፈተ ገጽ ካሜራውን አላገኘሁም ቢል ኮዱን ለመቀየር አይቸኩሉ። ለአንድሮይድ ስልክ እኔ የምመርጠው በዩኤስቢ አገናኝቶ ኤዲቢ የተባለውን ስልክን ከኮምፒውተር የማዘዣ መሣሪያ ሪቨርስ ትእዛዝ መጠቀም ነው፤ ያኔ የስልኩ ሎካልሆስት 8000 ወደ ኮምፒውተሩ ይመራል።

በመጨረሻ የፋይል ስሞችን ይመልከቱ። ስሙ በትልቅ የላቲን ፊደል የሚጀምር ምስል በኮዱ ውስጥ በትንሽ ፊደል ቢጠራ፣ ዊንዶውስና ማክ በተለመደው አቀማመጣቸው ምንም ሳይሉ ያሳዩታል፤ ሊኑክስ ግን ሁለቱን እንደተለያዩ ፋይሎች ስለሚቆጥር 404 (ፋይሉ አልተገኘም የሚል ስሕተት) ይመልሳል። ሁሉንም ስም ከመነሻው በትንሽ ፊደል መጻፍ፣ በኋላ አንድ በአንድ ከማረም ያድናል።